ያልተቃጠለው ድንኳን

አስቀድሞ በደሌ ይመዝገብልኝ፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ድንኳኔ በእሳት ወድሟል ተብሎ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ድንኳኔ አልወደመም። እሳት አጠገቡም አልደረሰ። እርግጥ አንድ ጊዜ አንድ ሚዜ በሲጋራ ጫፉን ተርኩሶታል፤ ያቺን ቀዳዳ በገዛ እጄ ጠቅሜያታለሁ፤ ሚዜውንም ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ከዓይኔ አላራቅሁትም። ከዚያ በቀር ድንኳኔ እሳት አያውቅም። የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ነውና ፊደሉ ቢጎድል እያረማችሁ አንብቡ፤ እውነቱን ግን እንዳታርሙብኝ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ድንኳን አከራያለሁ። አንድ ትልቅ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሃንና ሦስት ጎላ አለኝ። ሥራውን የጀመርኩት በንዴት ነው። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ለለቅሶው ድንኳን ያከራየችን ጠጅቱ የምትባል ሴት ናት። ለሦስት ቀን ተስማምተን የአራት ቀን ጠየቀችኝ። ምነው ብላት፣ «ሊነቅሉ የመጡትን ልጆች ዝናብ ይዟቸው አደረ እኮ» አለችኝ። የባሌን ሐዘን ትቼ ከእሷ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ለቅሶ ደራሹ የምጮኸው ለሟች መስሎት አብሮኝ ይጮህ ነበር። ያን ቀን፣ ሰው ሲሞትበትም ሲዳርለትም የማይበደልበት ድንኳን እገዛለሁ ብዬ ማልኩ፤ ላሜን ሸጬ ገዛሁ።

እንግዲህ እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺኮ ጤፍ ለማስጣት ፀሐይን ዋስ ጥሪ የምትዪ ሴት ነሽ» ይለኝ ነበር። ፀሐይ ዋስ ብትጠራ ኖሮ ስንት እህል ከዝናብ በተረፈ! ዶሮ ስገዛ ከሻጩ እጅ ወርዳ በራሷ እግር ካልሄደች አልገዛም። ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ መልሴን እስኪሰጠኝ ድረስ ቆቡን እይዝበታለሁ። አንድ ጊዜ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የደወለልኝን ሰው፣ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? እናትህስ አለች?» እያልኩ እስከ ቅድመ አያቱ ብጠይቀው ራሱ ስልኩን ዘጋው። እስካሁን ሽልማቱ ይቆጨኛል አልልም።

አንድ ነገር ብቻ ሰዎች ያሙኛል። ድንኳኑ ያፈሳል ይላሉ። ባለፈው ሚያዝያ አቶ ዳኘው የሚባል የቁይ ከተማ ሰው ልጁን ሲድር ዝናብ ጣለ። በማግስቱ መጥቶ፣ «ድንኳንሽ አፍስሶ ሙሽራይቱን አረጠባት፤ ከኪራዩ ቀንሺልኝ» አለኝ።

«አያፈስም። ነፋስ ያስገባው ነው» አልኩት።

«ነፋስ ከላይ ወደ ታች ይነፍሳል?»

«የቁይን ነፋስ እኔ በምን አውቀዋለሁ?» ብዬ ሙሉ ኪራዬን ተቀበልኩ። ይህን ያነሳሁት ነገሩ ቁም ነገር ኖሮት አይደለም፤ ሰው ምን ያህል እንደሚያማ እንድታውቁልኝ ነው።

አሁን ወደ ግብሩ። ከክረምት በፊት ገማቾች መጥተው ድንኳኔን ዞር ዞር ብለው አዩና የቀን ገቢዬን ገመቱ። የገመቱት ድንኳኑ በየቀኑ እንደሚከራይ አድርገው ነው። በዐቢይ ጾም ማን ይዳራል? በፍልሰታ ማን ይሞሸራል? በእነዚያ ወራት ድንኳኔ እንደ መነኩሴ ተጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። እንግዲህ ሐምሌ ሲገባ ግብሬን ላስታውቅ፣ በዚያው ደግሞ «ጾሙ ይቀነስልኝ» ብዬ አቤት ልል ወደ ግብር ቤቱ ሄድኩ። አልከፍልም አላልኩም። መንግሥት የእሱን ይውሰድ፤ ጾሙን ግን ለእግዜር ይተውለት ነው ያልኩት።

መስኮቱ ላይ ሰላም የምትባል ልጅ ተቀምጣለች። ቅጹን ሰጠችኝና፣ «እማማ፣ መሙላት ካቃተዎት ወዲህ ይምጡ፤ እኛው በነጻ እንሞላልዎታለን። ውጭ ጃንጥላ ዘርግተው ለተቀመጡት እንዳይሰጡ» አለችኝ።

ይኸኔ ጠረጠርኩ። በነጻ? መንግሥት በነጻ የሰጠኝን ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ቀን ክንዴን አሳምሞኛል። ደግሞስ ግብር ተቀባይዋ ራሷ ቅጼን ከሞላችው፣ ጅብ አህያዋን ልጠብቅልሽ አለ ማለት አይደል? «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አልኳትና ወጣሁ።

ከበሩ ውጭ በዝናቡ ውስጥ ጃንጥላ ሥር ቅጽ የሚሞሉ ሰዎች ተደርድረዋል። ወደ መጀመሪያው ቀረብኩ።

«ስንት ታስከፍላለህ?»

«ከማስቀንስልዎ ላይ ግማሹን።»

«ካላስቀነስክስ?»

«አስቀንሳለሁ።»

«ወረቀቴን ሳታየው?»

«እማማ፣ ሁሉንም አስቀንሳለሁ።» ሳያይ የሚያክም ሐኪም ሳይታመም የሚተኛ በሽተኛ ይፈልጋል ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛው ገና ሰላም ሳንባባል፣ «መጀመሪያ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ በኋላ እሞላዋለሁ» አለ። ወረቀቱ ባዶ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም በጨለማ ወጥ እንደ መቅመስ ነው፤ ዝንብ ይሁን ሥጋ የምታውቀው ከዋጥክ በኋላ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው ይራቡ» አለኝ፤ ስድ። ሦስተኛው ደህና ይመስል ነበር፤ ብዕሩን ግን ከጎረቤቱ ተዋሰ። ብዕር የሌለው ጸሐፊ ምን ይታመናል?

አራተኛው ራሱን በነጭ ሻሽ የጠመጠመ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ነው። ሁሉም «መሪጌታ» ይሉታል። ስደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል። ጸሎቱን እስኪጨርስ ዝናብ ላይ አቆመኝ። ደስ አለኝ። ግብርን ከእግዜር የማያስቀድም ሰው አገኘሁ አልኩ። ቢሆንም ልፈትነው አልኩና፣ «ቅኔ የት ዘረፉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዲማ» አለኝ።

የዲማን ስም ሰምቶ ልቡ የማይለሰልስ የጎጃም ሰው ካለ እናቱን ይጠይቅ። «በግዕዝ አንድ ይበሉኝ» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ጅረት አወረደው። ትርጉሙን አልጠየቅሁም፤ አሁን ሳስበው ምናልባት «ይህችን ሴትዮ ላሞኛት ነው» እያለ ይሆናል፤ ጣፍጦኝ አዳመጥኩት።

ሆኖም እኔ እኔ ነኝ። «ዋስ ይጥሩ» አልኩት።

ሻሹን ከግንባሩ ከፍ አድርጎ ወደ ሰማይ ተመለከተና፣ «የዲማው ጊዮርጊስ ዋሴ ነው» አለ።

ሰውነቴ ቅልል አለኝ። በዕድሜዬ ስንት ዋስ አይቻለሁ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ «ታረቁ» ብሎ ይሸመግላል። የማይሞት፣ የማይሸሽ፣ ያውም ባለ ፈረስ ዋስ ግን አግኝቼ አላውቅም ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል የሚለው ተረት ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፈው እጄ ያፍራል። «ከሚቀነሰው ግማሹን ለእኔ፤ ከእሱም ላይ ለስለት አስገባለሁ» አለኝ፤ እሺ ብዬ ቀብድ ሰጠሁት። «ቅጹን በእርጋታ ቤቴ ነው የምሞላው፤ እዚህ ይፈርሙልኝ» አለኝ፤ ፈረምኩ። «እዚህም» አለ፤ እዚያም ፈረምኩ። ለሦስቱ የከለከልኩትን ሁሉ ሰብስቤ ለአንዱ ሰጠሁት። ብቻ፣ «ጾሙ ይቀነስልኝ ብለው ይጻፉ፤ ሌላ ነገር እንዳይጨምሩ» አልኩት።

«የእውነት ሰው አይጨምርም» አለኝ። እኔም ተንኮለኞቹን ሁሉ አመለጥኳቸው እያልኩ እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ ጧት በሩን ስከፍት ጎረቤቴ አያ ታምሩ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተሸክሞ ቆሟል። ከኋላው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰልፈዋል።

«እግዜር ይተካልሽ!» አለኝ አያ ታምሩ።

«ምኑን?»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። «ድንኳንሽን ነዋ፤ ተቃጠለብሽ አይደል? ምነው ሳትነግሪን! እኛ የሩቅ ሰው ነን?»

«ኧረ አልተቃጠለም! እዚያ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እዩት!»

አያ ታምሩ ገብቶ የተጣጠፈውን ሸራ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «የተረፈው ይኸ ነው?»

«ምን ይተርፋል? ድንኳኑ ራሱ ነው!»

«ድንጋጤ ነው» አለቻቸው አንዷ ቀስ ብላ፣ እኔ እንዳልሰማ በሚመስል ሁኔታ፣ ግን እንድሰማ። «የኔም እኅት በሬዋ የሞተ ጊዜ ሣር ታጭድለት ነበር። ጠበል ትወሰድ።»

አልሄድ አሉኝ። አንዷ አንድ ቁና ጤፍ፣ አንዷ ገለባ፣ አንዷ ያረጀ ላስቲክ አመጡ። አልቀበልም ብል፣ «ኩራቷ ነው፤ ከሐዘን በላይ ኩራት ይገድላታል» ተባባሉ። ማን ምን እንዳመጣ በወረቀት ጻፍኩ፤ ላልተቃጠለ ነገር የተዋጣለት ሰው ነገ ምን ብሎ ይመልሳል? ስንት ቤት ተቃጥሎ ቁና ያልተሰፈረለት አውቃለሁ።

በስተመጨረሻ ጠጅቱ መጣች። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ግን አይቻታለሁ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ያደረገችው እንባዋን ለመሸፈን አልነበረም። «ከጉንደ ወይን ለተዝካር ድንኳን የያዙብሽን ሰዎች እኔ ተቀብያቸዋለሁ፤ ሰዎቹ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው፤ አንቺ ምንም እንዳታስቢ» አለችኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የጉንደ ወይኑ ሰውዬ ናቸው፤ «እግዜር ይተካልዎ፤ ለተዝካሩ ድንኳን አግኝተናል» አሉኝ።

ወደ አያ ታምሩ ዞርኩ። «ይህን ነገር ማን ነገራችሁ?»

«የቀበሌው ጸሐፊ ነዋ። ደብዳቤውን የጻፈልሽ እሱ አይደል? መሪጌታ ሁለት ምስክር ይዞ መጥቶ፣ ድንኳኗ ስለተቃጠለ ግብር ይቀነስላት ብሎ አጽፎልሽ ሄደ አሉ።»

ምድር ተገለበጠችብኝ።

ነጠላዬን ሳልደርብ ወደ ግብር ቤቱ በር ሮጥኩ። የመሪጌታ ቦታ ባዶ ነው። የጃንጥላው እግር ያበጀው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ቆሟል። ያ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሚ ያለኝ ስድ ብዕሩን እያኘከ አየኝ።

«መሪጌታን ነው? ሰኞ ሄደ።»

«ወዴት?»

«ዋሱን ይጠይቁት» አለኝ። ለካ ያን ቀን ሰምቶን ኖሯል። ጃንጥላ ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ።

እኔም ዋሱን ልጠይቅ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሰው ሲጠፋ ዋሱ ይያዛል። የንስሐ አባቴ መምሬ ተገኘ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መምሬ፣ አንድ ሰው የዲማውን ጊዮርጊስ ዋስ ጠርቶልኝ ጠፋ። በምን እንደምይዘው ይንገሩኝ።»

«ሰውየውን?»

«ዋሱን።»

መምሬ ጭራቸውን አስቀመጡ። «ዋስ ሲጠራ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ባለዕዳው ይጠራል፤ ዋሱም፣ እሺ ዋስ ሆኛለሁ ይላል።»

«ጊዮርጊስ እሺ ሲል ሰማሽ?»

አሰብኩ። ያን ቀን የሰማሁት የዝናብና የባጃጅ ድምፅ ነው። «አልሰማሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ሰውየው ዋስ ጠራ እንጂ ዋስ አላገኘም። ሰማዕቱን በማያውቀው ጉዳይ እንዳትከሺው። የሰውየው ስም ማን ነው?»

«መሪጌታ።»

«እሱ ማዕረግ ነው። ስሙ?»

 የስልክ አጭበርባሪን እስከ ቅድመ አያቱ የጠየቅሁ ሴት፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበትን ግብር ለሰጠሁት ሰው ስሙን አልጠየቅሁትም። ቅዱሱን አውቃለሁ፤ ሰውየውን አላውቅም። መምሬም ሳቃቸውን ለመዋጥ በጭራቸው ዝንብ ያባርሩ ጀመር። ዝንብ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ሰላም መስኮት ተመለስኩ። ፋይሌን አወጣችና አነበበችልኝ፦ ድንኳኑ በቃጠሎ ስለወደመ ሥራ አቁሜያለሁ፤ ግብሩ ይቀነስልኝ። ስለ ጾም አንዲት ቃል የለም።

«ይህን ማን ሞላልዎት?»

«አንድ ሌባ።»

«እዚህ ላይ ግን፣ ቅጹን የሞላው ሰው ስምና ፊርማ በሚለው ላይ፣ የእርስዎ ፊርማ ነው ያለው።»

ሁለተኛዋ ፊርማ! «እዚህም» ያለኝ ለካ ለዚህ ነው። በወረቀቱ መሠረት እሳቱን ያነደድኩትም እኔ፣ የጻፍኩትም እኔ፣ የማልኩትም እኔ ሆኛለሁ።

ሰላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ አቁሜያለሁ ብለዋል። አሁን ድንኳኑ አንድ ደጅ ላይ ቆሞ ቢታይ ገቢ ደበቁ ይባላሉ፤ ፈቃድዎ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቅጣትም አለው።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ድንኳኔን ብተክለው ሌባ ነኝ፤ ባልተክለው ለማኝ ነኝ። ላሜን የሸጥኩበት፣ በሐቅ አከራያለሁ ብዬ የማልኩበት ድንኳን ውሸታም አደረገኝ።

«ኃላፊውን ጥሪልኝ» አልኩ።

ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰማኝና፣ «እናቴ፣ ግብሩኮ ተቀንሶልዎታል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይሄድ ነበር» አለኝ።

«መልሱልኝ!»

«ምኑን?»

«ግብሬን! የቀነሳችሁትን መልሳችሁ ጫኑብኝ! ጾሙን ብቻ ቀንሱ!»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ፣ «ኧረ ዝም በዪ እትዬ፣ የኛንም ይጨምሩብናል!» ብሎ ጮኸ።

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። «ደብዳቤው የቀበሌ ማኅተም አለው። እንዲሁ ልሰርዘው አልችልም። ድንኳኑ አለመቃጠሉን ከቀበሌ አጽፈው ይምጡ።»

ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ሲያየኝ፣ «እግዜር ይተካልዎ» አለኝ። ነገሩን ነገርኩት። መዝገቡን ገለጠ፣ ዘጋ።

«እኛ የምንጽፈው የሆነን ነገር ነው። ተቃጠለ ከተባለ እንጽፋለን፤ ጎርፍ ወሰደው ከተባለ እንጽፋለን። ያልሆነን ነገር እንዴት እንጽፋለን?»

«ያልሆነ ነገር ጽፋችሁ አይደል እንዴ እዚህ ያደረሳችሁኝ?»

«እሱ ምስክር ነበረው። እርስዎም አለመቃጠሉን ያዩ ሦስት ምስክር ያምጡ።»

«አለመቃጠል እንዴት ነው የሚታየው? የቤትህ አለመቃጠል ትናንት በስንት ሰዓት ነበር? ማን አየው?»

ጸሐፊው ቤቱን ያየ ይመስል በመስኮቱ አሻግሮ ተመለከተ። ከዚያ፣ «ነገ ይምጡ» አለኝ። ነገ የሚባለውን ቀን እኔ አውቀዋለሁ፤ ዋስ የለውም።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ቁርጤን አወቅሁ። ወረቀት ካላመነኝ ሸራው ይናገር። ሲነጋ ጋሪ ተከራየሁ፤ ድንኳኔን ጫንኩ። አያ ታምሩ ላስተዛዝን ብሎ ያመጣውን አራት ምሰሶ እሱንም ጨምሬ ወሰድኩት። «እትዬ፣ ወዴት ነው?» እያለ ከኋላ ይከተለኛል፤ «ልታሟርቺብኝ ነው?» ይላል። ያዘኑልኝ ሴቶችም ተከተሉ። ዕብደቴ የጸና መስሏቸው ነው።

የግብር ቤቱ ግቢ ገብተን ካስማ መምታት ስንጀምር ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«እማማ! እዚህ ድንኳን መትከል ክልክል ነው!»

«የምን ድንኳን?»

«ይኸ!»

«ይኸ ተቃጥሏል። መዝገባችሁን እይ። የተቃጠለ ድንኳን እንዴት ትከለክላለህ? ነው ወይስ አልተቃጠለም ትላለህ? ካልክ ና ፈርምልኝ!»

ዘበኛው ድንኳኑን አየ፣ ቢሮውን አየ፣ ዱላውን አየ። ከዚያ፣ «እኔ የተቀጠርኩት በሩን ልጠብቅ ነው» ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ።

ገና ስንተክለው የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ግብር ሊያስታውቅ የተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ፣ ጃንጥላ ሥር ያሉት ጸሐፊዎች ሳይቀሩ፣ እየተጋፋ ድንኳኔ ውስጥ ገባ። ድንኳኔ ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ሰው የሞላበት ድንኳን በሐምሌ ያየ መንገደኛ ደግሞ ሌላ ምን ያስባል? አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና፣ «ማን ነው የሞተው?» አለች። ያ ስድ ጸሐፊ፣ «ኃላፊው» አላት። «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ደረቷን ስትመታ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ ዝም አስብላለሁ ስል ድምፄ ከጩኸቱ ጋር ገጠመ፤ ባሌ የሞተ ቀን እንደሆነው።

ኃላፊው የገዛ ለቅሶውን ሰምቶ ወጣ። ፋይሌን ከዝናብ ለመጠበቅ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ድንኳኑ ሥር ቆመ። ሰላምም ተከትላው መጣች። ለቅሶው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሴትዮዋ ሟቹን ቆሞ ስታየው ተናድዳ ሄደች።

«እንግዲህ ይንኩት» አልኩት ኃላፊውን። «ሸራውን ይንኩ። ምሰሶውን ይነቅንቁ። ያሽትቱት፤ ጭስ ጭስ ይላል? ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስጠለለ ድንኳን ተቃጥሏል ወይስ አልተቃጠለም? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ያዩትን ሁሉ፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ። ከስም እስከ ፊርማ!»

ኃላፊው ሸራውን ዳሰሰ። ቀና ብሎ አየ። ረዥም ጊዜ ቀና እንዳለ ቆየ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «ያየሁትን ሁሉ?» አለኝ።

«ሁሉን!»

እሱ ሊጽፍ ቢሮው ሲገባ ሰላም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አዲስ ቅጽ አወጣች። በነጻ። «ስምሽ ማን ነው? እስከ አያትሽ» አልኳት። ነገረችኝ። «ዋስ ጥሪ» አልኳት።

«ዋሴ ይኸው እማማ» አለችና፣ ቅጹን የሞላው ሰው በሚለው ላይ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር እየጻፈች አነበበችልኝ፤ ጾሙ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። መጨረሻ ላይ ነው እኔ የፈረምኩት። ሞልቶ ያለቀ ወረቀት ላይ መፈረም እንዴት እንደሚጣፍጥ ለካ አላውቅም ነበር።

ይኸኔ የቅጹ ራስጌ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ሰላም በእጇ ጠረገችው። ሁለተኛ ወደቀ። ከሕዝቡ መሐል አንድ የማውቀው ድምፅ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ነፋስ ያስገባው ነው» አለ። ዞር ብል አቶ ዳኘው፣ የቁዩ ሰው፣ ግብሩን ሊያስታውቅ መጥቶ ድንኳኔ ሥር ቆሟል። ከባርኔጣው ክፈፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ከላይ ወደ ታች።

አላየሁትም አልኩ። ልቤ ግን አየው።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልደረቀ ነው። መነጽሬ ላይ ውኃ ስላለ ሰላም ታንብብ አልኩ። ሕዝቡ ሊሰማ ተጠጋ። አያ ታምሩ ሳይቀር ባርኔጣውን አወለቀ። ሰላም ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦

«በግቢያችን ተተክሎ በአካል ገብተን እንዳረጋገጥነው፣ ድንኳኑ አልተቃጠለም። ነገር ግን ያፈሳል።»